የሦስተኛው ቀን ጠያቂ የእታባ ዕረፍት

ከወጣቶች ማኅበሩ፤ ለአባላት፣ ለሠራተኞች፣ ለወላጆችና ለሰፈሩ ነዋሪ በሙሉ

እኔ የማኅበሩ አናጢ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አሁንም መጋዝ እሞርዳለሁ፤ ምስማር ያለ መነጽር እመታለሁ፤ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ሸሚዜን የማጥበው ራሴ ነኝ፤ አራት ፎቅ ደረጃም በየፎቁ እያረፍኩ እወጣለሁ። ይህን ያልኩት ለጉራ አይደለም፣ መጨረሻ ላይ ስለሚያስፈልግ ነው። ኮሚቴው መግለጫውን እኔ እንድጽፍ ያዘዘኝ፣ ከሟች ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሠራ በሕይወት ያለ ሌላ ሰው ስለሌለ ነው። የቢሮ ጸሐፊያችን «ጋሼ፣ ትንሽ ላስተካክልልዎት» ብላኝ ነበር። አይነካም ብያለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ከሟች ነውና፣ ስህተት ቢገኝበትም የእሳቸው ተማሪ ስህተት ነው።

ማኅበራችን ለሃምሳ አንድ ዓመት ያገለገሉትን፣ ትንሽ ትልቁ «እታባ» እያለ የሚጠራቸውን እህታችንን ባለፈው እሑድ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ በሆስፒታል በሞት አጥቷል። ጥልቅ ሐዘን ተሰምቶናል። ይህ ቃል በየመግለጫው ስለሚጻፍ ያንስብናል፤ ግን ሌላ አላገኘንም።

እታባ ወደ ክበቡ በበጎ ፈቃድ ሲመጡ ሃያ አንድ ዓመታቸው ነበር። ክበቡ ያኔ የቧንቧ ዕቃ መጋዘን የነበረ አንድ ክፍል ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ቆርቆሮ፣ ዝናብ ከመጣ አስተማሪና ተማሪ የማይሰማሙበት። እሳቸው ቀን ሱቅ ውለው፣ ከሥራ መልስ ለአሥር ዓመት ያለ ምንም ክፍያ ንባብና ሒሳብ አስተምረውበታል።

በዚሁ ዘመን ከልጆች ጋር አግዳሚ ላይ መቀመጥ ክብሩን የነካበት አንድ ጎልማሳ ሠራተኛ፣ ትምህርት በተጀመረ ቁጥር የክፍሉን መስኮት ከውጭ ሆኖ እየጠገነ ስምንት ወር ሙሉ ፊደል ተማረ። እታባ አንድም ቀን አላጋለጡትም። «ጋሼ፣ ይሄ መስኮት ዛሬም አልዳነም?» ይሉና ሰሌዳውን ወደ መስኮቱ ዞር ያደርጉለት ነበር። ሠራተኛው ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

በሠላሳ አንድ ዓመታቸው በአስተባባሪነት ተቀጥረው ለሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። ሁለተኛው ክፍል የተሠራው፣ የጠረጴዛ ቴኒሱ የገባው፣ የሴት ልጆች የመረብ ኳስ ቡድን የተቋቋመው በእሳቸው ጊዜ ነው። ቡድኑ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ አሰልጣኙ ቅር እንዳይለው ትተነዋል።

ስድሳ ሲሞላቸው ጡረታ ወጡ። ዓርብ ሸኘናቸው፤ ሰኞ መጡ። «ደግሞ ምን ረስተሽ ነው?» ብላቸው «ልጆቹን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ጅማሬያቸው በነፃ አገልግለዋል።

ከሁሉ በላይ የሚታወቁት በአረንጓዴው ደብተራቸው ነው። በደብተሩ የልጆቹ ስም ተራ በተራ ተጽፏል። ልጅ አንድ ቀን ከቀረ አጠገቡ አንድ ነጥብ፣ ሁለት ቀን ከቀረ ሁለት ነጥብ። ሦስተኛው ነጥብ ያረፈ ዕለት እታባ ጫማቸውን ለውጠው ቤቱ ይሄዳሉ። ለምን ቀረህ ብለው ጠይቀው አያውቁም። «ወንበርህ ባዶ ሆኖ ቢያስጠላኝ መጣሁ» ነው የሚሉት። በዚህ አንድ ዐረፍተ ነገር ስንት ልጅ ወደ ትምህርቱ እንደተመለሰ፣ ስንት አባት እንዳፈረ፣ ስንት በሽተኛ ሐኪም ዘንድ እንደደረሰ ሰፈሩ ያውቃል።

ደብተሩ ውስጥ የእሳቸው ስም አልነበረም። ያዡ እሳቸው ናቸውና ማንም አላሰበውም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ሰኞ ዕለት እታባ አልመጡም። ሒሳብ ሠራተኛው የእህታቸው ልጅ ጋ ሄደው ነው አለ። አሰልጣኙ ጉልበታቸውን አሟቸው ይሆናል አለ። እኔ አኩርፋለች አልኩ። ዓርብ ዕለት «ጋሼ፣ የልብስ ሰፊው ልጅ በክራንች እየተደናቀፈብኝ ነው፣ የበሩን ደፍ ቁረጥልኝ» ብለውኝ፣ «በእጄ የሠራሁትን በር ማንም አይነካውም» ብዬ መልሻቸዋለሁ። ለማኩረፍ ምክንያት የነበራቸው እሳቸው ናቸው፤ ያኮረፍኩት ግን እኔ ነበርኩ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም እንዲሁ አለፈ። ሐሙስ ከመረብ ኳስ ቡድኑ አንዷ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ ደብተሩን ይዛ መጥታ «እታባስ ስንት ነጥብ አላት?» አለችን።

ሁላችንም ተነስተን ቤታቸው ሄድን። አልጋቸው ላይ በትኩሳት ተይዘው አገኘናቸው። ሆስፒታል አሥር ቀን ቆዩ። ልጠይቃቸው ስገባ «ጋሼ፣ አራት ነጥብ? እኔ ብሆን በሦስተኛው መጥቼልህ ነበር» ብለው ሳቁብኝ። ሐኪሙ ልባቸው ቀድሞም ደክሞ ነበር፣ ሰኞ ብታመጧቸውም ያው ነው አለን። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናን አላወቅንም።

በኮሚቴው ስብሰባ «ይህ በመግለጫ ላይ አይጻፍም» የሚል ተነስቶ ነበር። የሃምሳ አንድ ዓመት ሥራቸው ይኸው የቀረን ሰው ሄዶ መጠየቅ ስለሆነ እንዲጻፍ ተወስኗል። ከዛሬ ጀምሮ የሠራተኞችም፣ የበጎ ፈቃደኞችም፣ የሽማግሌዎችም ስም በደብተሩ ይገባል።

ማኅበሩ እታባ እንደ እናት ላሳደጓት የእህታቸው ልጅ፣ ለጎረቤቶቻቸው፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸው፣ በወንበራቸው ላይ ለተቀመጡ ልጆች ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። የእህታቸውን ልጅ ይቅርታም ይጠይቃል።

የእኔን ዕዳ ግን ማንም እንዳይከፍልልኝ። ወጣት አናጢ እንቅጠር የተባለውንም አልተቀበልኩም። የበሩን ደፍ እስከ ቅዳሜ ራሴ እቆርጠዋለሁ፤ የልብስ ሰፊው ልጅ ሰኞ ሲገባ ቆሜ አያለሁ። መስኮቱ አሁን በእውነት ስለተበላሸ እጠግነዋለሁ፤ በአንድ ቀን። የዳቦ ጋጋሪው መንትዮች ከቀብሩ ወዲህ አልመጡም፤ ሁለት ሁለት ነጥብ አላቸው። ነገ ሦስተኛው ነው። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በየፎቁ አርፌ እወጣለሁ። ለምን ቀራችሁ አልላቸውም። ወንበራችሁ ባዶ ሆኖ ቢያስጠላኝ መጣሁ እላቸዋለሁ።