በውሻ አንገት ያለች ነሐስ

ድሬዳዋ፣ ነሐሴ ፲ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓ.ም.

አሰላሙ ዓለይኩም ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ትንሹስ እንዴት ነው? ጥርስ ወጣለት? የአዋሽ ሙቀት ለሕፃን አይሆንም፤ ነጠላ አርጥበሽ መስኮቱ ላይ ስቀዪለት። እናትሽ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ለአንቺ እንዲያ ታደርግ ነበር። እኔማ እንደ ልማዴ "ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ" ብዬ ልጀምር ብዕር አንስቼ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት አለፈው። ከባልሽ ጋር መለያየታችሁን፣ በወሩ መጨረሻ ልጁን ይዘሽ እንደምትመጪ አነበብኩ። "አባዬ፣ ካንተ ቤት ሌላ ቤት የለኝም" ያልሽውን ደግሞ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መልስ የዘገየው ስለተቆጣሁ እንዳይመስልሽ። የተቆጣ ሰው ቢያንስ ብድግ ይላል፤ እኔ ያጣሁት እሱን ነው።

ሐምሌ ስድስት ቀን ጧት ሐዲዱን እያየሁ ስሄድ፣ ከሁለተኛዋ ድልድይ ግርጌ ድንጋይ ከድቶኝ ወደቅኩ። ግራ እግሬ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ሮብሌ፣ ከመልካ ጀብዱ ወዲህ ያለውን ሐዲድ የሚጠብቀው ጓደኛዬ፣ በአህያ ጭኖ ቤት አደረሰኝ። ወጌሻዋ ኹርሲ መጥታ ስባ ስባ ገጠመችውና በሸንበቆ አሰረችው፤ አርባ ቀን መሬት እንዳትነካ አለችኝ። አርባ ቀን እንዴት እተኛለሁ፣ አራስ አደረግሽኝ እንዴ ብላት፣ አራስማ የምትታቀፈው ልጅ አላት፣ አንተ እንግዲህ ውሻህን ታቀፍ ብላኝ ሄደች። ቀልዳ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእግሬ ይልቅ ያሰቃየኝ ውሻው ነው።

ሊቶሪናን አታውቂውም፤ አንቺ ካገባሽ በኋላ ነው ያገኘሁት። ቀይ፣ ቀጭን፣ አንድ ጆሮው የተቆረጠ ውሻ ነው። ስሙን ያወጣለት ሮብሌ ነው፤ ገና ቡችላ ሳለ ፈጣኗ ባቡር ሊቶሪናዋ ስታልፍ ጎን ለጎን እየሮጠ ሊቀድማት ይሞክር ነበርና። ሦስት ዓመት ሙሉ በየማለዳው አብሮኝ ሄዷል፤ እሱ አሥር እርምጃ ቀድሞ፣ እኔ መዶሻዬን ይዤ ከኋላ። የላላ ብሎን ላጠብቅ ስቆም ቁጭ ይላል፤ ስነሳ ይነሳል። ደርሶ መልስ አሥር ኪሎ ሜትር። እንዲህ ያለውን ፍጥረት በረንዳ ላይ አርባ ቀን አጫውቺው ብትባዪ ምን ታደርጊ ነበር?

እኔ ያላደረግሁት የለም። በገመድ አሰርኩት፤ ገመዱን በላው። ጨርቅ ጠቅልዬ ኳስ ሠራሁለትና ከአልጋዬ ላይ ወረወርኩ፤ አንዴ አመጣው፣ ሁለተኛ ላይ አንተ ሂድ የሚል ዓይነት አየኝ፣ ሦስተኛ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። የግመል አጥንት አሸዋ ውስጥ እያስደበቅሁ ፈልግ አልኩት፤ የሚደብቅልኝ ሰው ገና ዞር ሳይል ያወጣዋል። ደግሞ ምራቁ እንዳይነካኝ እጠነቀቃለሁ፤ ከነካኝ ለሶላት ሰባት ጊዜ መታጠብ አለብኝ፣ አንዱን በአፈር። ታውቂያለሽ። ውኃውን የምታመጣልኝ ጎረቤታችን ፋርቱን ናት። አንድ ቀን ሦስት ጊዜ ላሰኝና ሦስት ጊዜ ሰባት ሃያ አንድ ሲሆንባት፣ ወይ ውሻውን ወይ እኔን ምረጥ ብላ የውኃ ጆጎዋን ጥላ ወጣች። ይኸው ውሻ በማግስቱ ፍየሎቿን እያባረረ መስጊዱ ቅጥር ድረስ አስገባቸው።

ከሁሉ የባሰው ግን የመዶሻው ነገር ነው። ድምፁን ቢሰማ ይረጋ ይሆናል ብዬ አንዲት ቁራጭ ሐዲድ አልጋዬ አጠገብ አስቀምጬ መታሁለት። ጆሮውን አቁሞ እየሮጠ ሄደ። መስመሩን እስከ ማጠፊያው ድረስ ፈልጎኝ መጣና እግሬን አየው። ከዚያ ወዲህ መዶሻውን አላነሳሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የፈራሁት እሱን ነው።

የሐዲድ ጠባቂነቴን ምልክት፣ ነሐሷን ታስታውሻለሽ፤ ጥርስ ስታወጪ ስትነክሻት የኖርሽውን፣ አሥራ አንድ ቁጥር ያለባትን። የሮብሌ አሥራ ሁለት ናት። በየጧቱ የእኔና የእሱ ክፍል የሚገናኙበት ወሰን ድንጋዩ ጋ ተገናኝተን እንለዋወጣለን፤ የያዛትን ሳይለውጥ የተመለሰ ሰው መንገዱን አልጨረሰም ማለት ነው። ቤቱ ደግሞ የሥራው መሆኑን ታውቂያለሽ። ከወዲያ ያለውን ክፍል ይጠብቅ የነበረው ሲያድ ዓይኑ ሲደክም በሳምንቱ ዕቃውን ጭኖ ሲወጣ፣ አንቺ አልጋውን ተሸክመሽ ረድተሽዋል። ስለዚህ እግሬ መሰበሩን ለአለቃው አልተናገርኩም። ሮብሌ የእኔንም ጭምር ሊሄድልኝ ሁለት ቀን ሞከረ፤ ሽማግሌ ነው፣ ጉልበቱ አብጦ የራሱን ብቻ መሄድ ጀመረ።

በአምስተኛው ቀን ማለዳ ሊቶሪና ገመዱን በጥሶ ብቻውን ሄደ። እኛ በምንመለስበት ሰዓት እያለከለከ ተመለሰና፣ ከወደቅኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጭጭ ብሎ ተኛ። ወሰን ድንጋዩ ድረስ ሄዶ፣ እዚያ ቁጭ ብሎ እኔን ሲጠብቅ እንደነበረ ሮብሌ ነገረኝ። ሁለታችንም ተያየን። ማን ቀድሞ እንደተናገረው አላስታውስም ልበልሽ ብዬ ነበር፤ አስታውሳለሁ፣ እኔ ነኝ። ከአሮጌ ሽርጤ ጥብጣብ ቀድጄ ነሐሷን አንጠለጠልኩበትና በውሻው አንገት አሰርኩ፤ ወሰን ድንጋዩ ጋ ሮብሌ በራሱ ይለውጣታል። ለሦስት ቀን ብቻ አልኩ። ይኸው አንድ ወር ሊሞላው ነው።

ውሻው ደስ አለው። ፍየል ማባረሩን ተወ፣ ጫማ መብላቱን ተወ። እኔም ደስ አለኝ ልጄ፤ የምናዘዝልሽ ይህንን ነው። ከሰል ተሸካሚዎቹ ሴቶች ፋርቱንን ስለ እኔ "አብዱሰመድ ዳነ አይደል፣ ዛሬም አለፈ" ይሏታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ውሻው ካለፈ እኔ ከኋላው ስለነበርኩ፣ ዞሮ ከኋላው የሚያይ የለም። ቅዳሜ ቅዳሜ አለቃው በሐዲድ በምትሄደው ጋሪው ሲመጣ፣ በር ላይ ወንበር አስወጥቼ፣ ሸንበቆውን በሽርጤ ሸፍኜ፣ አረንጓዴ ባንዲራዬን ይዤ እቀመጣለሁ። ነሐሷን ከፍ አድርጌ አሳየዋለሁ። እጁን አንስቶልኝ ያልፋል።

ትናንት ማክሰኞ ሊቶሪና ከሰዓቱ በፊት መጣ። ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። እስከ ሆዱ ድረስ ርሷል። አንገቱ ላይ ያለችው ይዟት የወጣው ያቺው አሥራ አንድ ቁጥር ናት፤ አልተለወጠችም።

እዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የድሬን ጎርፍ ታውቂዋለሽ፤ ዝናቡ ሐረር ተራራ ላይ ነው፣ ውኃው የሚመጣው እዚህ ነው። ሁለተኛዋ ድልድይ ላይ ውኃ እንዳለ ገባኝ። ባቡሩ ከአዋሽ ወዲህ የሚገባው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ተጣራሁ፤ ፋርቱን ገበያ ሄዳለች፣ ማንም የለም። ለመነሳት ሞከርኩ፣ ወደቅኩ። በሆዴ እየተሳብኩ ቀዩን ባንዲራ ይዤ ሐዲዱ ጋ ደረስኩ። እዚያ ከደረስኩ በኋላ ነው ያሰብኩት፤ ባቡሩ እኔ ጋ የሚደርሰው ድልድዩን ካለፈ በኋላ ነው። ባንዲራዬን ለማን ላውለበልብ? ካለፈ ባንዲራ አያስፈልገውም፣ ካላለፈ አያየኝም። ጆሮዬን ብረቱ ላይ አድርጌ ተኛሁ። ሊቶሪና ጨዋታ መስሎት ፊቴን ይልሰኝ ነበር።

መጣ። ሲመጣ ሰማሁት፣ ሲያልፍም አየሁት። ሦስተኛው ፉርጎ ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ በመስኮት ታያለች፤ የሕፃኑን እጅ ይዛ አውለበለበችልኝ። ሮብሌ ከሰዓት በኋላ ውኃው ሲጎድል ተሻግሮ መጣ። ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጠጠር ውኃው አንድ ክንድ ያህል ጠርጎት ነበር አለ። አንድ ክንድ። ሁለት ቢሆን ኖሮ ባቡሩ እኔ ጋ አይደርስም ነበር።

ስለዚህ እባክሽ ልጄ፣ በባቡር አትምጪ። በአሰበ ተፈሪ በኩል በጭነት መኪና ነይ፤ ያንገላታሻል፣ ግን ነይ። ምክንያቱን ለማንም አትንገሪ። እግሬ እስኪድን ቤቱን ይዤ ልቆይልሽ እንጂ ሌላ አሳብ የለኝም።

እሑድ፣ ነሐሴ ፲፬

ደብዳቤውን ሳልዘጋው አራት ቀን አደረ። ኹርሲ ሐሙስ መጥታ ሸንበቆውን ፈታችው። ብዙ አየችው፣ በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው፣ አልያዘም ብላ መልሳ አሰረችው። በዚህ ጊዜ አልቀለደችም።

ዓርብ ከሶላት በኋላ ፋርቱን ፖስታውን ልትወስድልኝ መጣች። ከመዝጋቴ በፊት አንዴ ላንብበው አልኩ። ለማንም አትንገሪ ያልኩት ላይ ስደርስ ያቺ ልጅ የታቀፈችው ሴት ትዝ አለችኝ። እሷንም የሚጠብቃት አባት ይኖር ይሆናል። በጭነት መኪና ነይ ብሎ የጻፈላት ግን የለም። እንዴት ያለሁ ሰው ሆንኩ ብዬ ተቀመጥኩ። ፋርቱን ምን ሆንክ ስትለኝ ፖስታው ይቆይ አልኳት፤ ሌላም ነገር ጠየቅኳት፣ እሺ አለችኝ።

ትናንት ቅዳሜ እንደ ወትሮው በር ላይ ወንበሬን አስወጣሁ። ሽርጤን ግን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ፣ እግሬን ከነሸንበቆው በርጩማ ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ። ጋሪዋ አላለፈችም፤ ቆመች። አለቃው ወርዶ ብዙ ጊዜ ቆየ፤ የውሻውንም የድልድዩንም ሳልደብቅ ነገርኩት፣ ጠጠሩን ዛሬውኑ አስሞላለሁ አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ነሐሷን ለመፍታት ሲጎነበስ ሊቶሪና ጅራቱን እየቆላ አንገቱን ሰጠው። ስለ ሮብሌ ሲጠይቀኝ ከውሻው ኋላ የምመጣ ይመስለው ነበር፣ እኔ ነኝ ያታለልኩት አልኩት። አንቺም እንደዚያው በዪ።

ዛሬ ማለዳ አንድ ጎረምሳ መዶሻ ይዞ መጣ። ጥሩ ልጅ ይመስላል፤ አባቴ ብሎ ነው የጠራኝ። የመጀመሪያውን ብሎን ሲመታ ሊቶሪና ከተኛበት ተነሳ። ወደ ድምፁ አየ፣ ወደ እኔ አየ። እንደዚያ ሦስት ጊዜ አደረገ። ሂድ አልኩት። መጥቶ እጄን ላሰኝና ሄደ፤ አሥር እርምጃ ቀድሞ። ፋርቱን ጆጎዋን አንስታ ውኃ ልታመጣልኝ ስትል፣ ቆይ፣ ትንሽ ይቆይ አልኳት።

እንግዲህ በባቡር ነይ ልጄ፣ አትፍሪ። መልካ ጀብዱን ስታልፉ ልጁን ይዘሽ መስኮቱ ጋ ተቀመጪ። ቀይ ውሻ ከፊት ከፊት ሲሄድ ታያላችሁ፤ የአያትህ ውሻ ነው ብለሽ አሳዪው። ከኋላው ሰው አለ። ተመልከቺና ሰላም በዪው። ቤታችን በር ላይ ግን አትፈልጊኝ፣ እስከዚያ እለቅቃለሁና፤ ለገሃር ስትወርጂ በቀጥታ መጋላ ሰፈር ሄደሽ፣ የፋርቱን እኅት የኢስታር ሱቅ የት ነው ብለሽ ጠይቂ። ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል አለ። ጠባብ ነው፣ መስኮት ግን አለው፤ እርጥብ ነጠላ ይሰቀልበታል።

አላህ መንገድሽን ያቅናው፤ ልጅሽን ያሳድግልሽ፤ ደጅ ቆሞ ከመቅረት ይሰውርሽ። እኔን ይቅር በዪኝ።

አባትሽ