መምህርት ማንዳ ኩሽትሮ፦ ሁለት በር ባለው ትምህርት ቤት

መምህርት ማንዳ ኩሽትሮ ከአባታቸው ከአቶ ስቲፓን ባቢችና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሉትሳ በመካከለኛው ቦስኒያ፣ በሱሆቭሬሎ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ተወለዱ። ሳራዬቮ በመምህርነት ተመርቀው በ1977 እዚሁ ሱሆቭሬሎ ኬሚስትሪ ማስተማር ጀመሩ። በ1979 የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ከነበሩት ከአቶ ኢቮ ኩሽትሮ ጋር ትዳር መሥርተው ልጃቸውን ያድራንካን ወለዱ።

በ1993 ጦርነቱ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያባላ አቶ ኢቮ በገዛ ደጃፋቸው ተገደሉ። ገዳዮቹ ከወንዝ ማዶ የመጡ ሙስሊሞች ነበሩ፤ እኛ ካቶሊክ ክሮአቶች ማዶ ተሻግረን የሠራነውንም ሁሉም ያውቃል፣ አይነገርም እንጂ። ሰላም ወረደ ሲባል ትምህርት ቤቱ በግንብ ለሁለት ተከፈለ፦ ሁለት በር፣ ሁለት ርእሰ መምህር፣ ልጆቹ እንዳይገናኙ በተለያየ ሰዓት የሚደወል ደወል።

በጥር 2008 በሙስሊሞቹ ወገን ማሞቂያው ተበላሸ። መምህርት ማንዳ በካፖርታቸው ውስጥ የሚንቀጠቀጡትን የሰባተኛ ክፍል ልጆች በእኛ በር አስገብተው ከእኛ ልጆች ጋር ሦስት ሦስት አድርገው አስቀመጧቸው። ወሬው ከተማዋን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ወላጆች ኮሪደሩን ሞሉት፤ ከፊት የቆሙት የሟች ባላቸው ወንድም አቶ ፔሮ ነበሩ።

«የወንድሜን ገዳዮች ልጆች ታሞቂያለሽ? አንቺ ሴትዮ፣ ደም የለሽም?»

«ኢቮ ሲገደል እነዚህ አልተወለዱም። ይልቅ ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ በሩን ይዘህ ብርዱን አታስገባብኝ።»

«ዋ! ነግሬሻለሁ!»

«ሰምቻለሁ። ፈተና ላይ ነን።»

አቶ ፔሮ ሴት ልጃቸውን ጎትተው አስወጡ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። በማግስቱ የመምህርቷ ቤት መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። እርሳቸው ግን ማሞቂያው እስኪጠገን ክፍሉን አንድም ቀን አልዘጉም። ከዚያ የእኛ ወገን ርእሰ መምህር ከሥራ አገዷቸው፤ በመስከረም መለሷቸው። ጸጽቷቸው አይደለም፤ ሌላ የኬሚስትሪ መምህር ስላጡ ነው። ያቺ ተጎትታ የወጣችው የአቶ ፔሮ ልጅ ግን ወደ መምህርቷ ክፍል አልተመለሰችም፤ አባቷ ሳያውቁ ኬሚስትሪውን መጀመሪያ በመምህርቷ ማዕድ ቤት፣ ከዚያም በራሷ ተማረች።

መምህርት ማንዳ በ2019 ጡረታ ወጡ። በሳንባ ካንሰር ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2023 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

እኛ እንደ ወጋችን ጥቁር ጠርዝ ያለውን የሞት ማስታወቂያ በየምሰሶው ለጠፍን። ዛሬ ጠዋት ግን በእኛ በኩል ባለው የትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ሙስሊሞች ለራሳቸው ሟች ብቻ የሚለጥፉት አረንጓዴ ጠርዝ ያለው ማስታወቂያ የእርሳቸው ስም ሰፍሮበት ተገኘ። ከሥሩ «ተማሪዎችዎ» ይላል። አቶ ፔሮ ሊቀድዱት እጃቸውን ሰነዘሩ።

«አጎቴ፣ ተዉት» አለች ያድራንካ። «የእናቴ ነው።»

አቶ ፔሮ የተላቀቀውን ጥግ በአውራ ጣታቸው ተጭነው አጣበቁትና፣ ማንንም ሳያዩ ሄዱ።

መምህርት ማንዳ አንዲት ልጅ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና በግንቡ ግራና ቀኝ ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተዋል። ጌታ ነፍሳቸውን ከአቶ ኢቮ ጋር ያገናኝልን፤ ለቀረነው ደግሞ ልብ ይስጠን።