ከሰኞ በፊት የሚነበብ

ሳጃና፣ ካርቱም
ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም

ለልጄ ለፀደይ፣

እንደ ወትሮው «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ አልጀምርም። ይህን ቃል ከእኔ ብትሰሚ ከእንግዲህ እንደማታምኚ በስልክ ነግረሽኛል። ስለዚህ ዋናውን ላስቀድም። እናትሽ አልሞተችም። ይህን ስጽፍ ፊት ለፊቴ ተኝታለች፤ ነቅታ እያየችኝ ነው። ግን ታማለች፤ መናገር አትችልም። ስልክ ላይ ያላቀረብናት ለዚህ ነው።

አሁን ምን እያሰብሽ እንደሆነ አውቃለሁ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የተማርሽው እዚሁ ቤት ነው። መጀመሪያ «ትንሽ አሟታል» ይባላል። በሳምንቱ «ጠንቶባታል» ይባላል። ከዚያ አንድ ማለዳ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ። አያትሽ ጎንደር ያረፉ ጊዜ አንቺ የአራተኛ ዓመት ፈተና ላይ ነበርሽ። ወሩን ሙሉ «እማማ ሰላም ብለውሻል፣ በርቺ ብለውሻል» ስንልሽ ከረምን። ፈተናውን አለፍሽ። አብሮኝ መተማን የተሻገረው ቢረሳው እስከ ዛሬ ይህን እንደ ማስረጃ ያቀርበዋል። አንቺ ግን ከዚያ ወዲህ ፈተና በመጣ ቁጥር «አሁን ደግሞ ማን ሞቶ ይሆን» እያልሽ እንደምትገቢ የነገርሽኝ ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ፈተናና ለቅሶ ላንቺ አንድ ላይ የሚመጡ መሆናቸውን አላውቅም ነበር።

ስልኩን አስታውሰዋለሁ።

«እማዬን ስጠኝ» አልሽ።

«ተኝታለች።»

«ትናንትም ተኝታ ነበር።»

«ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች ነው ያልኩሽ።»

«ቤተ ክርስቲያን ያልከው ከትናንት ወዲያ ነው፣ አባዬ።»

ውሸት በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው፤ እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ።

ቀጥለሽ ፎቶ ላኩልኝ አልሽ። የላከው ቢረሳው ነው። ስልኩ ውስጥ ካሉት መርጦ እናትሽ በቢጫ ሻሽ ቡፌው አጠገብ ቆማ የምትስቅበትን ላከልሽ። ጥሩ ፎቶ ነው። ቡፌው ግን ከነብርጭቆው ተዘርፎ ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ይህን የነገርኩሽም እኔው ነኝ። የመለስሽው አንድ መስመር ነበር። «አባዬ፣ እማዬ መቼ ነው የሞተችው?»

ቢረሳው አንብቦ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። «ይቺ ልጅ ሐኪም ሳይሆን መርማሪ ነው መሆን የነበረባት» አለ። አልሳቅኩም።

ይህ የሆነው በሁለተኛው የሆስፒታል ሥራ ቃለ መጠይቅሽ ቀን ጠዋት ነው። ገብተሽ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ጭንሽ ሥር እንደቀበርሽው፣ ስለ ስኳር በሽታ የጠየቁሽን ተራ ነገር እንኳ መመለስ አቅቶሽ እንደወጣሽ ማታ ጻፍሽልኝ። ሌሎቹ በትልልቅ ማሽኖች የተማሩ ናቸው፣ እኔ በመብራት መጥፋት የተማርኩ ነኝ፣ ማን ሐኪም ይለኛል አልሽ። መጨረሻ ላይ «ሰኞ ሦስተኛው ላይ አልገባም፤ ኪጋሊን ለቅቄ እመጣለሁ፤ በሕይወት ካልደረስኩባት መቃብሯን ልየው» ብለሽ ጨረስሽ።

በእጄ የምጽፍልሽ «በድምፅህ አላምንህም» ስላልሽ ነው። ጽሑፌን ታውቂዋለሽ። ስጨርስ በስልክ ፎቶ አንስቼ የስታርሊንክ ኢንተርኔት ካለበት ሱቅ ሄጄ እልከዋለሁ፤ የግቢያችን ሀኒፋ እስክመለስ አጠገቧ ትቀመጥልኛለች።

የሆነው እንዲህ ነው። በገና ማግስት ጠዋት ሻይ ልትቀዳ ተነሳች። ቴርሞሱ ከእጇ ወደቀ። «ምነው ሸዋዓለም?» ስላት ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ከዷት። ባለ ሦስት እግር ረክሻ ጠርተን ወደሚሠራው ሆስፒታል ሄድን፤ ሀኒፋ መንገዱን ሁሉ ጭንቅላቷን በጭኗ ይዛ ነበር። ሐኪሙ ያንቺ እኩያ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። እዚህ «ጀልጣ» ይሉታል፤ እናንተ ስትሮክ የምትሉት ነው። ጭንቅላት የሚያነሳ ማሽን እንደሌለ ነገረኝ። ግፊቷ ትንሽ ሲወርድ «ኸላስ፣ ያ ዐም፣ በቃ አባቴ፣ ቤት ይሻላታል፤ እዚህ ሌላ በሽታ ትይዛለች» ብሎ ኪኒን ይዘን እንድንወጣ አደረገን። ደግ ልጅ ነው። እስከ በሩ ድረስ አልጋውን ከእኔ ጋር ገፋ።

ላንቺ መንገሩን በተመለከተ ግቢው ውስጥ ጠብ ነበር። ቢረሳው ሰኞ እስኪያልፍ እንቆይ አለ።

«ጥቂት ቀን ምን ይላታል?» አለኝ። «ገብታ ትውጣ፤ ከዚያ እኔው ራሴ ደውዬ እነግራታለሁ።»

«ሞታለች ብላ እያሰበች ነው እኮ የምትገባው።»

«ማሰብና ማወቅ አንድ አይደለም፣ ማሩ።»

ሀኒፋ አማርኛችንን እንዳልሰማች ስታጥብ ቆይታ ቀና አለች። ሠላሳ ዓመት አብራን የኖረች ሴት ምን የማትሰማው አለ። «እናንተ ሐበሾች ሬሳውን ትቀብሩና ወሬውን ሣጥን ውስጥ ትቆልፉበታላችሁ» አለች በዐረቢኛ። «አሁን ደግሞ ነፍሷ ያልወጣች ሴት ልትቀብሩ ነው። እኛ ዘንድ ጠዋት የሞተ ሰው ከሰዓት በኋላ ወሬው ጁባ ይደርሳል።» ቢረሳው ተናዶ ወጣ። እስካሁን አልተመለሰም፤ ይመለሳል።

ስለ ኢንተርቪው ትንሽ ልበል፤ የማውቀው ነገር ስላለ አይደለም። እዚህ ሰፈር ኢንተርቪው ሲባል አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ወደ ሦስተኛ አገር ሊወስዱህ የሚጠይቁህ። እዚያ ላይ የደረሰብህን ትቆጥራለህ፤ እነሱ ይጽፋሉ። ቢረሳው ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ ቀርቷል፤ ያም ሆኖ የሰፈሩ አሠልጣኝ እሱ ነው። «ከጦርነቱ ጀምሪ፤ እንባ ከመጣ አትከልክይው» ብሎ የመከረሽ ጊዜ እኔም ጎኑ ተቀምጬ ራሴን እየነቀነቅኩ ነበር። አንቺም በመጀመሪያው ላይ እንዳለሽ አደረግሽ። አዘኑልሽ፤ መሐረብ ሰጡሽ፤ ሰዓቱ አለቀ፤ አንድም የሕክምና ጥያቄ ሳይጠይቁ አሰናበቱሽ። በኀፍረት ሁለት ቀን አልደወልሽም። አንቺ ቁስልሽን አሳየሻቸው፤ እነሱ የተቀመጡት ግን ቁስል የሚያክም ሰው ፍለጋ ነው። እኛ ይህን ልዩነት አናውቀውም ነበር።

በጦርነቱ ጊዜ የት ነበርሽ ብለው ሰኞም መጠየቃቸው አይቀርም። የሆነብሽን ተዪውና የሠራሽውን ንገሪያቸው። ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ተሰደን ሳለ ኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ማሽኑ ለሕመምተኛው አልበቃ ሲል ሰዓት እያሳጠርሽ ተራ ትደለድዪ ነበር። ማን ዛሬ ይግባ፣ ማን እስከ ነገ ይቆይ የምትወስኚው አንቺ ነበርሽ፤ ከአንቺ በላይ የነበሩት ሄደዋል። የዳኑ አሉ፤ የሞቱም አሉ። ያን ጊዜ እጅሽ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ አላውቅም። ማታ መጥተሽ ሳትቀመጪ ቆመሽ ስትበይ ነው የማስታውሰው። ለሚንቀጠቀጥ እጅ መድኃኒት የለኝም። የእኔ እጅ የፍሪጅ ቱቦ ልበይድ ስል የሚንቀጠቀጠው መበየጃውን እስካነሳው ድረስ ነው። እስክሪብቶም ቢሆን ያዢ።

አሁን የሚቀጥለውን እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሐኪም አንብቢው። በአንድ በኩል እንድታምኚኝ ነው፤ ለሞተ ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚፈጥር የለም። በሌላ በኩል መልስ እፈልጋለሁ።

ግፊቷ ያን ቀን 190 በ110 ነበር። ትናንት 160 በ100። ሻይና ውሃ ያንቃታል፤ ታስልና ዓይኗ ይፈጣል። ሀኒፋ የምትሠራው ወፍራም የመዲዳ አጥሚት ግን ይወርድላታል፤ ቀስ ብዬ በማንኪያ ነው። ሽንቷን ታውቃለች፤ ግን አልጋው ላይ ነው። የምንላትን ትረዳለች። ቀኝ እግሯ ከትናንት ጀምሮ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፤ ወይም እኔ መስሎኝ ይሆናል። ጀርባዋ ከታች፣ ወገቧ ሥር፣ የብርጭቆ አፍ የምታክል ቁስል ወጥታለች፤ ጠርዟ ቀልቷል፤ አትሸትም። አገላብጣታለሁ፤ ሌሊትም እነሳለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ሐኪሙ አስፕሪን አዟል። ፋርማሲ ያለችው ሴት ደግሞ ጭንቅላት ውስጥ ደም ፈሶ ከሆነ አስፕሪን አይሰጥም አለችኝ። ማሽን ስለሌለ የረጋ ይሁን የፈሰሰ የሚያውቅ የለም። ከትናንት ወዲያ ሰጠኋት፤ ትናንት ከለከልኳት፤ ዛሬ ኪኒኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ምን ላድርግ? ቁስሉንስ በምን ልጠበው? ውሃውንስ በምን ላወፍረው? ላበረታታሽ ብዬ አይደለም የምጠይቅሽ። ሌላ የምጠይቀው ሰው ስለሌለኝ ነው። ከሰኞ በፊት መልሺልኝ፤ ይህ ሰኞን የሚጠብቅ አይደለም።

ስለ እኔ የጠየቅሽው፤ ሥራ አቁሜያለሁ። ለነገሩ ሥራም አልነበረም። ሰው ወደ ካርቱም እየተመለሰ ነው፤ ግን ፍሪጁ የተዘረፈበት ሰው ፍሪጅ አያሠራም። ባለፈው እሑድ ከአልጋ ላነሳት ስል ወገቤ ከዳኝና አብረን ወደቅን። ሀኒፋ ከገበያ እስክትመለስ ድረስ መሬት ላይ ጎን ለጎን ተኛን። እናትሽ ሳቀች። በግማሽ ፊቷ። አሁን ሳነሳት በሩን ክፍት እተወዋለሁ፤ ሰው እንዲሰማ።

ፎቶ ላነሳት ፈልጌ ነበር፤ ለማስረጃ። መግባቢያ አለን። እሺ ስትል ዓይኗን ትከድናለች፤ እምቢ ስትል ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። «ፎቶ ላንሳሽና ለፀደይ ልላክላት?» አልኳት። ወደ ግድግዳ ዞረች። አፏ ተጣሟል፤ እንዲህ ሆና እንድታዪያት አትፈልግም። አላስገደድኳትም።

ዛሬ ጠዋት ይህን ደብዳቤ ከመጀመሬ በፊት አጠገቧ ተቀመጥኩ። «ፀደይ እማዬ ሞታለች ብላ እያለቀሰች ነው» አልኳት። አየችኝ። «እውነቱን ልጻፍላት?» ዓይኗን ከደነች። «ሰኞ ኢንተርቪው አለባት፤ ትግባ?» ከደነች፤ ቆየት አድርጋ ከደነች። ግራ እጇ ብርድ ልብሱን ጨብጧል። ሌላም ነገር እንድጠይቃት እየጠበቀች ነበር፤ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም።

ትምጣ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም። ተነስቼ ወረቀት ፍለጋ ሄድኩ። አንቺም እንዳትጠይቂኝ።

ሰኞ ግቢ። አንደበትሽን ይፍታልሽ፤ የእሷንም። በገባሽበት ሁሉ የሚያውቅሽ አይጥፋ። ሀኒፋ «ለዱክቱራ ሰላም በላት፤ አሏህ ያቅልላት» ብላለች።

አባትሽ
ማሩ