ከሕንፃችን ጋር አብሮ ስለሚወርደው የልኬት ምስማር

ለተከበሩ የሕንፃዎች ደኅንነት ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ የቢሮዎ ግድግዳም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ወንዙ ዳር ባለው የኪራይ ሕንፃ ምድር ቤት ጨርቅ የምሸጥ ነጋዴ ስሆን፣ ከላዬ ታላቅ እህቴ ከሦስት ልጆቿ ጋር ትኖራለች። የሕንፃውን መስመጥ አለመስመጥ መሐንዲሶችዎ በየወሩ እየመጡ ስለሚለኩልን አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፣ ባለሙያዎችዎ የግድግዳችንን ከፍታ የሚያነጻጽሩት ፈጽሞ አይንቀሳቀስም ከተባለ አንድ የብረት ምስማር ጋር ነው። ምስማሩ የተተከለው ግን በዚሁ ሕንፃ፣ በእኔው ሱቅ ደረጃ ላይ ነው። ሕንፃው ሲወርድ ምስማሩም አብሮ ስለሚወርድ፣ አሥራ አራት ወር ሙሉ ውጤቱ «ለውጥ የለም» ሆኗል። እኔ ጨርቅ የምለካበት ሜትር ከጨርቁ ጋር አብሮ ቢሸበሸብ ደንበኞቼ በማግስቱ በሸሹኝ ነበር፤ እርስዎ ግን ደንበኛ የማይሸሽበት ሥራ በማግኘትዎ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ፣ ይህንኑ ለመሐንዲስዎ ሳስረዳው «ጋሼ፣ መሣሪያ አይዋሽም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ መሣሪያው የጠየቃችሁትን ነው የመለሰው። ምስማሩን መንገድ ማዶ ካለው ዓለት ላይ ትከሉት ብዬ ስጠይቀው፣ ማዶው የሌላ ክፍል ሥልጣን መሆኑን በትዕግሥት ገለጸልኝ።

ሦስተኛ፣ ከማስታወሻ ደብተሬ ልጥቀስ። የእህቴ በር መጋቢት ላይ አልዘጋ ብሎ አናጢ ላገው፤ ግንቦት ላይ ደግሞ ላገው፤ ነሐሴ ላይ የሚላግ እንጨት ስላልቀረ በሩ ተነቅሎ መጋረጃ ተሰቀለ። የመኝታ ቤቷ ስንጥቅ መጋቢት ላይ ሳንቲም አያስገባም ነበር፤ ዛሬ የትንሿ ልጇ እጅ እስከ አንጓው ይገባል።

አራተኛ፣ እህቴን ውጪ ስላት «የት ልግባ? ያለ ቢሮው የመልቀቂያ ደብዳቤ ከወጣሁ ቤቱን እንደተውኩት ይቆጠርብኛል» ትለኛለች። ደብዳቤውና ምትክ ቤቱ የሚሰጠው ደግሞ ምስማርዎ ለውጥ ሲያሳይ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአራት ሰው ነፍስና ከአንድ ምስማር ክብር የትኛው እንደሚቀድም በጽሑፍ እንዲያሳውቁን በትሕትና እጠይቃለሁ።

በወር ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ታች እየራቅሁዎትም ቢሆን አክብሮቴ ያልወረደ፣
ታዛዥዎ ጨርቅ ነጋዴው

ማሳሰቢያ፦ በሕንፃችን አንድ ጫፍ የነበረው ቅርንጫፍ ቢሮዎ ባለፈው ሐሙስ ጠረጴዛና መደርደሪያውን ጭኖ ወጥቷል። ምክንያቱ «ቀለም ለመቀባት» ነው ተብሎ ተለጥፏል፤ ቀቢ ግን እስካሁን አልመጣም። እናንተ የወጣችሁበትን ደብዳቤ አንድ ቅጂ ብትልኩልን፣ የእህቴን ስም እኛው እንሞላበታለን።