ላልነበረ አጎቴ ለቅሶ ለደረሱልኝ ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ደሳለው
የገበሬዎች ዩኒየናችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
መካነ ሰላም

በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ያለ እርስዎ ፊርማ ከግቢ ለማትወጣው መኪናችን የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ይህን ለወጉ ያህል አልልም፤ ጤና በአንድ ከሰዓት እንዴት እንደሚሄድ አባቴ ላይ ስላየሁ ከልቤ ነው።

እኔ ኑርጃን ሷሊህ በሒሳብ ክፍልዎ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ፣ ከነዚህም አራቱን ለሒሳብ ሙያ ማረጋገጫ ፈተና ስዘጋጅ የኖርኩ ሠራተኛ ነኝ። ከሱብሂ ሰላት በኋላ እስከ ቢሮ መግቢያ፣ በምሳ ሰዓት ደግሞ መጋዘን ውስጥ የማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሳነብ አይተውኝ ያውቃሉ። የመመዝገቢያውን ገንዘብ የምትልክልኝ ጅዳ በሰው ቤት የምትሠራው ታላቅ እህቴ ፈርሂያ ናት። እሷ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችው እኔ እንድቀጥል ስለነበር ፈተናው የሁለታችንም ነው። ይህን የምዘረዝረው ለቅሬታ አይደለም፤ ምስጋናዬን በተራ በተራ ለማቅረብ እንጂ።

፩ኛ/ ስለ ደንባችን አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥቅምት የሦስት ቀን ፈቃድ በጽሑፍ ጠየቅሁ፦ አንዱ ቀን አዲስ አበባ መሄጃ፣ አንዱ መፈተኛ፣ አንዱ መመለሻ። ከዓመት ዕረፍቴ ይቀነስ ብዬም ነበር። እርስዎም ማመልከቻዬን አንድ ወር ሙሉ በጥሞና ከተመለከቱ በኋላ፣ ወቅቱ የምርት መረከቢያ መሆኑን፣ ፈተና የሚባል ምክንያትም በደንቡ አለመኖሩን፣ ሆኖም የዘመድ ሞት ሲያጋጥም ሦስት ቀን ያለ ምንም ጥያቄ እንደሚሰጥ ዳር ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ጽፈው መለሱልኝ። የመጨረሻዋን ነገር ለምን እንደጨመሯት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት ሊያጽናኑኝ ይሆናል።

፪ኛ/ ስለ ፈጣን አገልግሎትዎ አመሰግናለሁ። ገንዘብ ያዣችን አለምነው ሁሉም እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ አንድ አጎት ግደይና ሂጂ ብሎ መከረኝ። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ሞት መጥራት ፈራሁ። ስለዚህ ወንድም ለሌላት እናቴ አሕመድኑር የሚባል ወንድም ሰጠኋትና ወዲያው ወላጆቼ በሚኖሩባት በከላላ ገደልኩት። እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነሥተው፣ ዓይንዎ እንባ አቅርሮ አዘኑልኝ፤ አንድ ወር የለመንኩት ፈቃድም በአምስት ደቂቃ ተፈረመ።

፫ኛ/ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። እኔ በዚህ አገር ተወልጄ አድጌ፣ ሐዘንተኛን ብቻውን የሚተው ሰው እንደሌለን ዘነጋሁ። አዲስ አበባ በገባሁ ማግስት፣ ለሥራ ስትጠየቅ ነዳጅ የማይገኝላት መኪና ለእኔ ሐዘን ነዳጅ ተገኘላት። አሥራ አንድ ሆናችሁ፣ ጥቁር ለብሳችሁ፣ በዚያ መንገድ እየተናጣችሁ ከላላ ድረስ ሄዳችሁ፣ የሼህ ሷሊህን ቤት ጠይቃችሁ፣ አንገታችሁን ደፍታችሁ ወደ ግቢያችን ገባችሁ።

አባቴ ደጅ ተቀምጠው ልጆች ቁርአን ያቀሩ ነበር። ልጁን ዓረብ አገር የላከ ሰው፣ መኪና ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደ ደጁ ሲመጣ፣ ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። እናቴ እንደነገረችኝ አባቴ ከቁርበታቸው ተነሡ፣ ፈርሂያዬን አሉ፣ ወደቁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቃል አልወጣቸውም። እናቴ ስትጮህ እናንተ ለወንድሟ መስሏችሁ አብራችሁ አለቀሳችሁ። ያለቀሰችላት ልጇ አልሞተችም፤ ያለቀሳችሁለት አጎቴም አልተወለደም። ይህ እስኪታወቅ ድረስ አባቴን ቀና የሚያደርግ ሰው አልነበረም።

በዚያች ሰዓት እኔ ስልኬን አጥፍቼ ፈተና ላይ ነበርኩ። የዚያ ቀን ፈተና የሙያ ሥነ ምግባር ነው። አንድ የሒሳብ ባለሙያ አለቃው ቢያስጨንቀው እንኳ ለምን ሐሰት መናገር እንደሌለበት አብራሩ ይላል። ሁለት ገጽ ተኩል ጻፍኩ፤ ጥሩ አድርጌ ጻፍኩ፤ አልፌዋለሁ።

፬ኛ/ ስለ ፍትሕዎ አመሰግናለሁ። ስመለስ ስለዋሸሁ የመጨረሻ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ይገባኛል፤ ፈርሜ ተቀብያለሁ። በዚያው ዕለት አባቴን ለማስታመም ሦስት ቀን ስጠይቅ ግን፣ በደንባችን ሕመም እንደ ሞት እንደማይቆጠር በትሕትና አስረዱኝ።

ውሸቱ የእኔ ነው። ይህን ደብዳቤ አምስት ወር ያዘገየብኝም እሱ ነው። ከአሥራ አንዳችሁ አንድም በክፋት የመጣ አልነበረም፤ ክፉዎች ብትሆኑ ኖሮ እናንተን ጠልቼ ይቀለኝ ነበር። አሁን የምጠላው ሰው አጥቼ ራሴን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ፈርሂያ በስልክ ፊቷን አሳይታቸዋለች፤ አባቴ መስታወቱን በግራ እጃቸው እየዳሰሱ አለቀሱ፤ ስሟን ግን መጥራት አልቻሉም። ልጆቹ ዛሬም እየመጡ ፊታቸው ቁርአን ይቀራሉ፤ ሲሳሳቱ የአልጋውን ጠርዝ በጣታቸው ይመቱላቸዋል፤ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ መናገር ግን አይችሉም። ውጤቴን ሳነብላቸው ያቺኑ እጅ ለዱዓ ከፍ አደረጉልኝ። ሰዎቹ ለምን እንደመጡ ማንም አልነገራቸውም፤ እናቴ ቤት ተሳስተው ነው ብላቸዋለች። አማርኛ ማንበብ ስላልተማሩ ይህ ደብዳቤም አይደርሳቸውም። እኔም ፊታቸው ቁጭ ብዬ ለመናገር ድፍረት የለኝም።

ለሙታን ካለዎት ርኅራኄ ጥቂቷ ለሕያዋን እንድትተርፍ በመመኘት፣ በማስጠንቀቂያ ሥር ያለሁ ታዛዥዎ፣
ኑርጃን ሷሊህ

ግልባጭ፦
ለአለምነው፣ ስለ ምክሩ
ለአጎቴ አሕመድኑር፣ ባሉበት

ማሳሰቢያ፦ የቀረኝ አንድ ፈተና በሰኔ ነው። የሦስት ቀን ፈቃድ ማመልከቻዬን አያይዣለሁ፤ ምክንያት በሚለው ላይ ፈተና ብዬ እውነቱን ጽፌያለሁ። አሁንም ደንቡ የማይፈቅድ ከሆነ ብዙ አይጨነቁ። ሐኪሙ እንደነገረን ከሆነ፣ ያለ ምንም ጥያቄ ሦስት ቀን የሚያሰጠኝ ምክንያት ከላላ ቤታችን አልጋ ላይ ተኝቷል። ያን ጊዜ መኪናዋን ይዘው ይምጡ፤ ቤቱን ያውቁታል።