እግሩ ያልተጠረገ ውሻ

ውድ እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ ነርሷ ስትሰጥሽ ገና ጽሕፈቴን እንዳየሽ ወደ ግድግዳው እንደምትዞሪ አውቃለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ልጠይቅሽ ስመጣ ያየሁት ጀርባሽን ነው። ቢሆንም አንብቢው፤ ስለ ውሻሽ ስለ ዳይዙ ነው።

አስቀድሜ ግን ልናዘዝ። ከደጃችን ደረጃ ወድቀሽ ዳሌሽ የተሰበረ ጊዜ፣ የአረጋውያን መጦሪያው በር ላይ እጄን ይዘሽ "ዳይዙስ?" አልሽኝ። "በሚቀጥለው ሳምንት አመጣዋለሁ" አልኩሽ። ዋሽቼሽ ነው። የቤት እንስሳ እንደማይገባ ቅጹን ስፈርም አንብቤአለሁ። ያለ እሱ አልገባም እንዳትይኝ ፈራሁ። በሳምንቱ ብቻዬን ስመጣ "ሂጂ" አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማሁም።

እኔም ከዚያ ወዲህ ዕረፍት የለኝም። ቁጭ ብድግ ስል እውላለሁ። ሩዝ ጥጄ እረሳለሁ፣ የቆለፍኩትን በር ተመልሼ እነካካለሁ። ታዲያ አንድ ቀን ከክፍልሽ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ማስታወቂያ አየሁ። ከባለቤቱ ጋር ተፈትኖ ያለፈና የተመዘገበ ውሻ አረጋውያኑን ለመጠየቅ መግባት ይችላል ይላል። የከተማችንን የኦኖሚቺን ዳገት እስከ ቤት በሩጫ ወጣሁት።

ወረቀት ሞልቶ መስጠት ብቻ መስሎኝ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ደሙን፣ ሰገራውን፣ ጥርሱን ሁሉ መረመረ። የእብድ ውሻ ክትባቱ ታደሰ፤ ጥፍሩ ተቆረጠ። ድንገተኛ ድምፅ እንዳያስበረግገው ብዬ በየማለዳው ከኋላው የብረት ትሪ እጥላለሁ። ጎረቤታችን ሽማግሌው ኩኒሂሮ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

"አንቺ ቺዙሩ! ውሻውን ነው የምታሠለጥኚው ወይስ እኔን በድንጋጤ ልትገድይኝ ነው?" ይለኛል።

ዳይዙ ጆሮውን እንኳ አያነቃንቅም። ትሪው በወደቀ ቁጥር የምበረግገው እኔ ነኝ።

ፈተናው መጋቢት ላይ በሰፈሩ አዳራሽ ሆነ። ፈታኟ ወይዘሮ ሂራጋ ያንቺ እኩያ ናቸው፤ አጭር፣ ሳቅ የማያውቁ። "ግቡ" አሉን። ዳይዙ ደጃፉ ላይ ቀጥ አለ። ቀኝ እግሩን አነሳና አየኝ። "ና" አልኩት። እግሩን መለሰና ግራውን አነሳ። ፈታኟ እየጻፉ ነው፣ ከኋላችን ሰው ተሰልፏል። ገመዱን ሳብኩት።

"በቃ፤ ወድቃችኋል" አሉ።

"እሱ እኮ ነው እምቢ ያለው!"

"እሱ ምን አጠፋ? እግሬን ጥረጉልኝ ብሎ ቆመ እንጂ። ጨዋ ሰው ነው ያሳደገው። ማን ነው?"

"እናቴ ናት።"

"አንቺንስ ማን አሳደገሽ?"

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። አራቱም እግሩ በእርጥብ ጨርቅ ካልተጠረገ ቤት እንዳይገባ ከቡችላነቱ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ግን ቸኩዬ፣ ሁልጊዜ እንደ ጎመን ብብቴ ሥር ሸጉጬው ነበር የምገባው። ስምንት ዓመት ያስተማርሽውን በጥቂት ወራት አስረሳዋለሁ ብዬ ነበር፤ እሱ ግን አልረሳም። አንቺንም የዚያን ዕለት መጦሪያው በር ላይ እንደዚያው ሸጉጬ ነው ያስገባሁሽ። ይቅር በይኝ፣ እማ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደጃፉ ላይ ቁጢጥ ማለት ተማርኩ። ቀኝ፣ ግራ፣ ከዚያ የኋላዎቹን። የግራ ኋላውን ቶሎ አይሰጥም፤ አንቺ መቼም ታውቂዋለሽ። እጄን ዘርግቼ እጠብቀዋለሁ። ቀኑን ሙሉ ልቤ የሚረጋልኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት እንደገና ተፈተንን። ወይዘሮ ሂራጋ ትሪ ጣሉ፣ በተሽከርካሪ ወንበር አጠገቡ ሽው ብለው አለፉ፣ ጆሮውንና ጅራቱን ጎተቱ። መሬት ላይ የተጣለ ዓሣም አለፈ፤ እኔ ብሆን ኖሮ አላልፍም። "ውሻውስ ቀድሞውንም ደህና ነበር" አሉኝ፤ "ዛሬ ያለፍሽው አንቺ ነሽ።" ፎቶው ያለበት መታወቂያና አረንጓዴ የአንገት ጨርቅ ተሰጠው። ከስሙ ሥር የባለቤት ስም የሚል አለ። የእኔን ጻፉበት፤ ያንቺ መሆን ነበረበት።

ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት እንመጣለን። ይህን ጊዜ ውሸት የለበትም፤ የመጦሪያውን ኃላፊ ጠይቂያት። ዝናቡ ስለጀመረ ዳገቱን እስክንወርድ እግሩ መጨቅየቱ አይቀርም። የክፍልሽ ደጃፍ ላይ ይቆማል። እኔ ጨርቅ አልይዝም፤ ገመዱንም አልስብም። ፎጣሽ ራስጌሽ ካለው መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ነርሷ በውሃ ታርጥብልሽ።

ለእኔ ጀርባሽን ብትሰጪኝም አልቀየምሽም። እሱን ግን እግሩን አንስቶ እንዳታስቀሪው። እሱ ሳይጠረግ አይገባም፤ እኔም ሳትጠሪኝ አልገባም። ዕድሜዬን ሙሉ ስቸኩል ኖሬአለሁ፣ እማዬ፤ ሐሙስ ግን የፈለግሽውን ያህል እቆማለሁ።

መቀመጥ የማታውቀው ልጅሽ፣
ቺዙሩ