ከወንበሩ ሳይነሱ መሳቅ

ውድ ልጄ ካቲራቫን፣

ይህን የምጽፍልህ ከእህትህ ከፖንማላር የድሮ ደብተር ላይ በቀደድኩት ወረቀት ነው። አምስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ እንደቀረሁ ታውቃለህ። አንድ መስመር ጽፌ አርፋለሁ፣ ከዚያ ሌላ እጀምራለሁ። ዛሬ ግን የሚያዘገየኝ ፊደሉ ብቻ አይደለም። ነገ ጠዋት እህትህ አንተ በተቀመጥክበት የለቅሶ ወንበር ላይ፣ ለፊልሙ ሬሳ ሆና ልትቀመጥ ትፈልጋለች። ፈቃዴን ጠይቃኛለች፤ መልሱ ቀላል አልሆነልኝም።

ካለፍክ ሦስት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሆነ። ዳይሬክተር ሆነህ የጀመርከው ፊልምህ አንድ ትዕይንት ብቻ ቀርቶታል፤ የጀግናው እህት የምትሞትበት። የእህትየዋን ቦታ የያዘችው ልጅ እናትና አባቷ መጥተው ወሰዷት። ዳይሬክተሩ ሬሳ ሆኖ በተቀመጠ በአርባ ቀኑ ሞተ፣ እኛ ልጅ ከሜዳ አላፈስንም ብለው ሄዱ። ሌሎች ሁለት ልጆች ተጠየቁ፤ ሁለቱም እምቢ አሉ። ፕሮዲዩሰሩ እስከ ዓርብ ካላለቀ ፊልሙን እንደሚተወው ተናገረ። በዚህ ጊዜ ፖንማላር፣ ፊቴ ከሩቅ ብቻ ነው የሚታየው፣ እኔ እቀመጣለሁ አለች። አራት ዓመት ረዳትህ ሆና ሠርታ ሌላ ምን ትል?

እኔ ሥራህን ስፈራ ነው የኖርኩት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ የጽሕፈት መኪና ፈተና አለብኝ ብለህ ፊልም ወደሚሠራበት ቼናይ ከተማ ገባህ፤ ፈተናው ስምንት ዓመት ፈጀ። የሰው ካሜራ ተሸክመህ፣ ከጓደኛህ ከሳጋያራጅ ጋር በአንድ ምንጣፍ ተኝተህ፣ የምትበላውን እንኳ አልነገርከኝም። የመጀመሪያው ፊልምህ በእኛ ከተማ አራት ቀን ታየና ወረደ። ሁለተኛው ሲወጣ ግን ጎረምሶች ከሲኒማ ቤቱ ፊት በቆመው የጀግናው ትልቅ ሥዕል ላይ ለክብሩ ወተት አፈሰሱ። እኔ ከሴቶች ወንበር መጨረሻ ተቀምጬ ነበር። በፊልሙ ውስጥ እናትየዋ ሞተች። በሦስተኛውም ሞተች። በአራተኛውም። ጎረቤታችን ቫዲቩ በአጥሩ ላይ ብቅ እያለች፣ «ፔቺ፣ ልጅሽ ዘንድሮም ገደለሽ አሉ፤ ምን አድርገሽው ነው?» ትለኝ ነበር። እስቅላት ነበር። ቤት ገብቼ ግን ያስከፋኝ ነበር። እናትየዋን ለምን እንደምትገድላት አንድም ቀን አልጠየቅኩህም።

አሁን ስለዚያች ቀን ልናገር። ለማንም ሳልናገር ነው የቆየሁት።

የጀግናው አባት ሬሳ ሊሆን የመጣው ሽማግሌ ተዋናይ ሬሳ ተቀምጦ የሚለቀስበትን ወንበር ሲያይ፣ ገና ያልዳርኳቸው ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ ብሎ አልቀመጥም አለ። አንተም የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እኔው እቀመጣለሁ አልክ። እኔ ይህን አላወቅኩም። በእርጎ የተለወሰ ሩዝ ይዤ በአውቶቡስ መጣሁልህ። ከበሩ ስደርስ የሴቶች ለቅሶ ሰማሁ። ገባሁና አየሁህ። አገጭህ እንደ ሬሳ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፣ ግንባርህ ላይ ሳንቲም ተለጥፏል፣ አንገትህ ላይ አበባ አለ። የሩዙ ዕቃ ከእጄ ወደቀ። አልቃሾቹን እየረገጥኩ ሄጄ ጨርቁን ጎተትኩት፣ ጉንጭህን በጥፊ መታሁህ። «ተነስ፣ አንተ ልጅ፣ ተነስ» አልኩህ። አንድ ዓይንህን ከፈትክ።

«እማ፣» አልክ፣ «አንቺን ሦስት ጊዜ ገድዬሻለሁ። እኔ አንድ ቀን ብሞት ምን አለበት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ማልቀሴን ማቆም አቃተኝ። ሥራህን ትተህ እጄን ይዘህ አውቶቡስ ድረስ ሸኘኸኝ። ስትመለስ ፀሐይዋ ገብታ ነበር።

የእናንተን ሥራ ልማድ ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ሬሳ ሆኖ የተቀረጸ ሰው ከመነሳቱ በፊት ካሜራውን እያየ መሳቅ አለበት፤ ሳቁም መቀረጽ አለበት፤ አለዚያ ሞቱ ይከተለዋል ትላላችሁ። ይህን የሰማሁት በአንተ ለቅሶ ላይ ነው። የፊልም ማቀናበሪያው ክፍል ውስጥ ልብህ ቆሞ፣ በሠላሳ ስምንት ዓመትህ ሲያመጡህ፣ ሳጋያራጅ ግድግዳ ተደግፎ ለአንዱ እንዲህ ሲል ሰማሁት፤ «ሳቁን አልቀረጽንለትም። ነገ ይሆናል አለኝ፤ በማግስቱ ዝናብ ሆነ፣ ከዚያ ረሳነው።» እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ። እንባዬ እዚያው ደረቀ። ያቋረጥኩህ እኔ ነበርኩ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱልህ እኔ አንድ ቃል አልወጣኝም። ሰው ኀዘን ያደነዘዘኝ መሰለው። ፍርሃት ነበር፤ አፌን ከከፈትኩ ያደረግኩት ይወጣ መሰለኝ።

ትናንት ፖንማላር ፈቃዴን ስትጠይቅ አይሆንም አልኳት። ምክንያትሽን ንገሪኝ አለች። ወደ ምድጃው ዞርኩ። «እማ፣ ዝም ካልሽኝ እቀመጣለሁ» አለች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት።

ኮምፒውተሯን አምጥታ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ለካ ያን ዕለት ካሜራውን ያቆመው ሰው የለም። ሁሉም እኔን ሊይዝ ሲሯሯጥ ካሜራው እየቀረጸ ነበር። ሳሪ የለበሰ ጀርባዬን አየሁ፣ ስመታህ አየሁ። ከዚያ በትከሻዬ ላይ አሻግረህ ካሜራውን ቀጥ ብለህ አየኸው፣ ሳቅክም። ጥርስህ በሙሉ እስኪታይ፣ ረጅም ሳቅ።

«አየሽ? ስቋል» አለችኝ እህትህ። «አንቺ አልገደልሽውም።»

ልጄ፣ ከትከሻዬ ድንጋይ የወረደ ያህል ነበር። ከሦስት ወር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ በላሁ። ከምሳ በኋላ ግን ፖንማላር ጋደም አለች፤ እኔም እያየኋት ፍርሃቱ በሌላ በኩል መጣብኝ። አንተ ስቀህ ሞተሃል። እንግዲያው ሳቁ ማንንም አይጠብቅም። እስከ ትናንት ጥፋተኛ ነበርኩ፤ ግን የማደርገው ነገር ነበረኝ፤ ብትቀመጥም እስክትስቅ ድረስ ከወንበሩ አላስነሳትም እል ነበር። አሁን የምይዘው የለኝም። ቀስ ብዬ ሄጄ እጄን አፍንጫዋ ጋ አደረግኩ።

ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «እየተነፈስኩ ነው፣ እማ» አለች።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ትዕይንቱ ቢቀርስ፣ ልጅቷ ሞተች ተብሎ በወሬ ብቻ ቢነገርስ አልኳት። አንተ ልታደርገው እንደነበረው ማድረግ እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ከዚያ ተነስታ ፀጉሯን እያሰረች፣ ፊቷን ሳታሳየኝ እንዲህ አለች፤

«እኔም ፈርቻለሁ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። ብቻዬን ከምፈራ አጠገቤ ሁኚና አብረን እንፍራ።»

እኔ ስለ ራሴ ፍርሃት ብቻ ሳስብ፣ እህትህ መፍራቷን አላየሁም ነበር።

ዛሬ ማለዳ ፊልሙን በአንተ ፋንታ የሚጨርሰው ሳጋያራጅ ስልክ ደውሎ፣ «እማማ፣ ምን ወሰኑ? እርስዎ ካልፈቀዱ አልነካውም» አለኝ። ስንት አልቃሽ ሴቶች እንደሚያስፈልጉት ጠየቅኩት። ስምንት አለኝ። ሰባት ፈልግ አልኩት። ስምንተኛዋ ማን እንደሆነች ገብቶት፣ የወንበሩ እግር ሥር ያለው ቦታ የእርስዎ ነው አለኝ።

ልጄ፣ ፍርሃቴ አልለቀቀኝም፤ ይህን ስጽፍም አብሮኝ አለ። ነገ ግን ነጭ ሳሪዬን ለብሼ እሄዳለሁ። ከጨርቁ ሥር የእህትህን እግር እይዛለሁ። ሙቀቷ መዳፌ ላይ እያለ አፌን ከፍቼ አለቅሳለሁ፤ ያን ቀን ያልወጣልኝን ሁሉ፣ በስምህ እየጠራሁህ። ሳጋያራጅ ስሙን ከፊልሙ ቆርጦ ያወጣዋል። አንተ ግን ስማኝ።

ፈሪዋ እናትህ፣
ፔቺያማል